ለአዲሱ ድልድይ የወረደ ሙሾ

በእኛ አገር ድልድይ መሥራት ቀላል ነው፤ ጣጣው መክፈቱ ላይ ነው። መንደራችንን ከማዶ መንደር የሚያገናኘው ድልድይ በአሥር ወር ተሠርቶ አለቀ። ድንጋዩ ተጠርቦ፣ ቅስቱ ተገጥሞ፣ ግራና ቀኙ በግንብ ታጥሮ ሲያበቃ ግንበኞቹ መሮና መዶሻቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ድልድዩ ሳይከፈት ሰባት ዓመት ተቀመጠ። ነገሩ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሕጉ «ማንኛውም ድልድይ የሚከፈተው ከመነሻው በኩል ነው» ይላል፤ ከሁለቱ ጫፎች መነሻው የትኛው፣ መድረሻው የትኛው እንደሆነ ደግሞ ታላቁ ሸንጎ ገና እየተከራከረበት ነበር።

እስኪወሰን ድረስ ሰው እንዳይሻገርበት አንድ ዘበኛ ተቀጠረ። ዘበኛው ሥራውን አክባሪ ሰው ነው። በወዲህኛው ጫፍ ቆሞ ማንም እንዳያልፍ ይጠብቃል፤ ወዲያኛውም ጫፍ እንዳይደፈር በቀን ሁለት ጊዜ ተሻግሮ አይቶት ይመለሳል። በሰባት ዓመት ውስጥ ሄዶ መመለሱ ሲደመር አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ተሻግሮበታል። «ለመሆኑ ድልድዩ ጠንካራ ነው?» ብሎ ለሚጠይቀው ሰው የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «እኔ እንጃ፤ ሰው ተሻግሮበት አያውቅም።»

ከድልድዩ በፊት በገመድ የሚጎተት ታንኳ ነበረን። እሱም ድልድዩ ያለቀ ዕለት ቀረ፤ ድልድይ ያለው ሕዝብ በታንኳ ሲሻገር መታየቱ ለአገር ስም ጥሩ አይደለም ተባለ። ወንዙ በጋ ከክረምት ሙሉ ነው፤ አዞም አለበት። ስለዚህ ወዲህ የነበረ ወዲህ፣ ወዲያ የነበረም ወዲያ ቀረ።

እኔ በወዲህኛው መንደር ደብዳቤ ጸሐፊ ነኝ። ስለዚህ ድልድይ ለሸንጎው ሠላሳ ስድስት ማመልከቻ ጽፌያለሁ። ስለ ራሴ የምናገረው ይህንኑ ብቻ ነው፤ ታሪኩ የእትዬ ደብሪቱ ነው። እሷ እንደነገረችኝ፣ የጎደለውንም አብሯት ከነበረው ሰው ጠይቄ እጽፋለሁ።

እትዬ ደብሪቱ አልቃሽ ናት። ሰው ሲሞት ትጠራለች፤ ሙሾ ታወርዳለች፤ የሟቹን ደግነትና ጀግንነት፣ ከሌለውም ፈልጋ፣ በግጥም ትናገራለች። በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ስትኖር በሰው ፊት ስቃ አታውቅም። ሳቂታ አልቃሽ ማን ይጠራል? ነገር ግን ደብሪቱ ስትፈጠር ጨዋታ የሚገባት፣ ሳቅ የሚተናነቃት ሴት ነበረች። ጎረቤቶቿ እንደሚሉት፣ የሚያስቅ ነገር ያየች ዕለት ፊቷን እንዳጨፈገገች ቤቷ ትገባና በሩን ዘግታ፣ ባዶ ማድጋ ውስጥ አፏን ከትታ ነው የምትስቀው። ማድጋው ሁለት ጊዜ ተሰንጥቆ ተለውጧል።

በእኛ አገር ሙሾ ሲወርድ ተቀምጦ የሚሰማ የለም። ሹምም ሆነ ለማኝ፣ በሽተኛም ሆነ ነፍሰ ጡር፣ የአልቃሽ ድምፅ ሲሰማ ይቆማል። ሙሾ ተቀምጦ የሰማ ሰው ቀጣዩ ሙሾ ለእሱ ነው ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት አይታወቅም፤ የሞከረው የለማ።

ደብሪቱ በዚህ ዓለም ያለቻት አንዲት እህት ናት። ዘርፌ ትባላለች፤ ባል አግብታ የምትኖረው በማዶ መንደር ነው። ድልድዩ ካለቀ ወዲህ እህትማማቾቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው አያውቁም።

ሸንጎው ስለ ድልድያችን የሚከራከረው በየሳምንቱ ማክሰኞ ነው። በራዲዮ የሚነገረን ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ «ክርክሩ በጥሩ መንፈስ ቀጥሏል።» ሰባት ዓመት ሙሉ ያ መንፈስ አንድ ቀን እንኳ አልተበላሸም። ይህንኑ ከሦስት ዓመት በላይ ከሰማን በኋላ መንደሩ ተሰብስቦ፣ ሰው ልኮ ነገሩን በዓይኑ ለማየት ወሰነ። ሸንጎው ለተመልካች ክፍት ነው፤ ከአንድ መንደር በዓመት አንድ ሰው ይገባል። የሳቀ ግን ይባረራል። በመጀመሪያው ዓመት ሸማኔውን ላክን፤ የአባላቱ ስም ሲጠራ ሳቀ። በሁለተኛው ዓመት አንጥረኛውን ላክን፤ እስከ ረፋድ ቆየ። በሦስተኛው መቃብር ቆፋሪውን ላክን፤ እጅግ ኮስታራ ሰው ነው፤ እሱም ለምሳ ጥቂት ሲቀር ተሸነፈ። ሦስቱም ተመልሰው ያዩትን ሊነግሩን ሲጀምሩ ሳቅ እየቀደማቸው ምንም ሳንሰማ ቀረን።

በአራተኛው ዓመት ስብሰባ ላይ የመንደሩ ሽማግሌ አቶ ጓንጉል ተነሱ።

«ዘንድሮ ደብሪቱ ትሂድ» አሉ።

«እኔ?» አለች ደብሪቱ። «እኔ የማውቀው ለቅሶ ነው። የሸንጎ ነገር ምን ይገባኛል?»

«እንዲገባሽ አይደለም የምንልክሽ፤ እንዳትስቂ ነው። በአቶ ሰርጸ ለቅሶ ላይ ፍየል ገብታ የሟቹን ባርኔጣ ስትበላ፣ ለቀስተኛው ሁሉ አፉን በነጠላው ሲይዝ፣ አንቺ ምን አደረግሽ?»

«ባርኔጣውን ሙሾው ውስጥ አስገባሁት።»

«ይኸው!» አሉ አቶ ጓንጉል፣ ወደ ሕዝቡ ዞረው። ሌላ ማስረጃ የጠየቀ አልነበረም።

ደብሪቱ ስንቋን ቋጥራ ሁለት ቀን በበቅሎ፣ አንድ ቀን በጭነት መኪና ተጉዛ ዋናው ከተማ ገባች። ማክሰኞ ጠዋት ሸንጎው ደጃፍ ስትደርስ የተቀበላት የዝምታ ሹሙ አቶ ይርዳው ነበር። የአቶ ይርዳው ሥራ የተመልካቹን ሰገነት ጸጥታ ማስከበር ነው። ኮቴው እንዳይሰማ የሱፍ ጫማ ያደርጋል። ድምፁም ከሥራው ብዛት አንሶ አንሶ፣ ሲናገር የሚሰማው ጆሮውን ከንፈሩ ላይ የለጠፈ ብቻ ነው።

«እናቴ፣ ማንበብ ይችላሉ?» አላት።

«አልችልም ልጄ።»

«እንግዲያው ደንቡን ልንገርዎት። መሳቅ ክልክል ነው። ማውራት፣ ማጨብጨብ፣ ማፏጨት፣ ማሳል፣ ራስ መነቅነቅ ክልክል ነው። መተኛት የሚፈቀደው ለአባላት ብቻ ነው።»

«ማዘንስ?»

አቶ ይርዳው አሰበ። «በማዘን የተባረረ አላስታውስም» አለ።

ሰገነቱ ላይ ወጥታ ቁልቁል ስታይ አዳራሹ መጀመሪያ ባዶ መሰላት። ወንበር ነው እንጂ ሰው አይታይም። ቀስ ብላ ስታስተውል በየወንበሩ ትራስ መሃል መላጣ፣ ሽበትና መነጽር ብቅ ብቅ ብሎ አየች። ክርክሩ እስኪጀመር ማውራት ስለሚቻል ግራ ገብቷት ወደ ሹሙ ዞረች።

«ምን ሆነው ነው የሰጠሙት?»

«ወንበሩ ይመቻል» አለ አቶ ይርዳው። «በዚህ ሸንጎ ድምፅ የሚሰጠው ከወንበር ተነስቶ በመቆም ነው። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የወንበሮቹ ትራስ እንዲወፍር አዋጅ ቀረበ። ሁሉም ቆመው አሳለፉትና ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ የቆመ የለም።»

«ታዲያ ማታ እንዴት ቤታቸው ይገባሉ?»

«ጎታቾች አሉ፤ ከነትራሳቸው በኋላ በር ወስደው ጠዋት ይመልሷቸዋል። ግን በክርክር ሰዓት አይገቡም፤ ድምፅ እንዳያዛቡ ተብሎ ነው።»

ከአዳራሹ መሃል፣ ረጅም በርጩማ ላይ፣ አንድ ደረቅ ሰውዬ ጠጠር የሞላ ቁና ታቅፎ ተቀምጧል። ቆጣሪው ነው። ለውሳኔ ቁሙ ከተባለ በኋላ በቆመው ሰው ልክ ከቁናው ጠጠር እያነሳ ሳጥን ውስጥ ይጥላል። ዘጠኝ ዓመት አንድም አልጣለም፤ ቢሆንም በየጠዋቱ ጠጠሮቹን ያጥባቸዋል።

ደወል ተደወለ። ሸንጎውን የሚመሩት አፈ ሸንጎው፣ እሳቸውም ከትልቁ ትራስ ውስጥ ሆነው፣ «ያቆምነው መነሻው ላይ ነበር» አሉና ለክቡር ባንትይርጉ ዕድል ሰጡ።

«የተከበራችሁ!» አሉ ክቡር ባንትይርጉ። «ድልድይ ከወዲህ ተነስቶ ወዲያ ይደርሳል። ይህ የታወቀ ነው። ከወዲያ ተነስቶ ወዲህ የሚደርስ ድልድይ በዕድሜዬ አላየሁም።»

ፊት ለፊታቸው የተቀመጡት ክቡር ሽባባው ጣታቸውን ከትራሱ አወጡ። «የተከበሩት ወንድሜ ወዲህ የሚሉት፣ እኔ ከተቀመጥኩበት ሲታይ ወዲያ ነው። ከሁለታችን አንዳችን አገሩን ገልብጠን ይዘነዋል!»

«እኔ አልገለበጥኩም!»

«የገለበጠ ሰው መገልበጡን መቼ ያውቃል!»

አፈ ሸንጎው አስታራቂ ሰው ናቸው። «እንግዲያው ቦታ ተለዋወጡና አንዱ በሌላው ዓይን ይየው» አሉ። ወንበሮቹ ከሥራቸው መንኮራኩር አላቸው፤ ሁለት አሽከሮች ክቡራኑን ከነትራሳቸው እየገፉ አቀያየሯቸው። ውጤቱ ወዲያው ታየ። ክቡር ባንትይርጉ ግራና ቀኙን ተመለከቱና «ለካ እውነት ኖሯል! የወንድሜ ነገር አሁን ገና ገባኝ!» አሉ። ክቡር ሽባባውም «እኔም በስህተት ኖሬያለሁ» ብለው አመኑ። አዳራሹ በጭብጨባ ደመቀ። ከዚያ ክቡር ባንትይርጉ የክቡር ሽባባውን ሐሳብ፣ ክቡር ሽባባው ደግሞ የክቡር ባንትይርጉን ሐሳብ ይዘው በዚያው ግለት ክርክሩን ቀጠሉ።

«ሆዴ ውስጥ ድመት የገባች መሰለኝ» ብላኛለች ደብሪቱ። ሳቁን ለማባረር ያለቀሰችላቸውን ሙታን ሁሉ በየተራ ታስብ ጀመር። አቶ ሰርጸ ጋ ስትደርስ ፍየሏ ትዝ ስላለቻት ቶሎ አለፈቻቸው። አጠገቧ አቶ ይርዳው ጣሪያውን እያየ ከንፈሩን ነክሷል። ያን ጊዜ ሥራው ስለሆነ መሰላት።

ረፋዱ አለፈ፤ የምሳ ሰዓትም አለፈ፤ ደብሪቱ አልሳቀችም። ከእኛ መንደር እስከዚያ ሰዓት የቆየ ሰው ስላልነበረ ከዚያ ወዲያ የሆነውን የምናውቀው በእሷ በኩል ነው።

ከኋላ ረድፍ፣ ከአንድ ትራስ ውስጥ፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ድምፅ መጣ።

«የተከበራችሁ፣ ያጨቃጨቀን ድልድዩ ሁለት ጫፍ ስላለው ነው። ግማሹ ቢፈርስ መሬት የነካ አንድ ጫፍ ብቻ ይቀረዋል። አንድ ጫፍ ያለው ነገር ደግሞ መነሻው አያከራክርም።»

«ምን ያለው ብልህ ነው!» አለ አንድ መላጣ። «ሰባት ዓመት ሙሉ እንዴት አልታየንም?» አለ አንድ መነጽር።

ክቡር ባንትይርጉና ክቡር ሽባባው እንኳ የትኛው ግማሽ እንደሚፈርስ በሌላ ጊዜ ለመከራከር ተስማሙ።

አፈ ሸንጎው የአሸዋ ሰዓት አስመጥተው ገለበጡት። «ደንቡ እንዲጠበቅ አስቀድሜ እጠይቃለሁ» አሉ። «ድልድዩ ሳይፈርስ፣ እንዳለ፣ ከሁለቱም ጫፍ ይከፈት የምትሉ ቁሙ። አሸዋው እስኪያልቅ የቆመ ከሌለ ግማሹ ይፈርሳል፤ አፍራሾቹ ነገ ጠዋት ጉዞ ይጀምራሉ።»

ቆጣሪው እጁን ቁናው ላይ አደረገ። የተንቀሳቀሰ አልነበረም። ሐቁን ለመናገር፣ ለመቆም የሞከሩ ነበሩ፤ አንድ ሽበታም አባል ሁለት ክንዳቸውን ከትራሱ አውጥተው ተንጠለጠሉና ተመልሰው ሰጠሙ። አሸዋው ይወርዳል።

ደብሪቱ ሆድ ውስጥ የነበረችው ድመት ጠፋች። ዘርፌ ናት የታየቻት፤ በወዲያኛው ጫፍ ቆማ፣ ድልድዩ መሃል ላይ እንደ ዳቦ ሲገመስ እያየች። ልትጮህ አሰበች፤ ማውራት ክልክል ነው። ልታጨበጭብ አሰበች፤ ማጨብጨብ ክልክል ነው። ደንቡን ከላይ እስከ ታች በልቧ አነበነበችው፤ መሳቅ፣ ማፏጨት፣ ማሳል፣ ራስ መነቅነቅ። ሠላሳ ዓመት የሠራችበት ነገር ግን ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም።

አሸዋው ከግማሽ በታች ሲሆን ደብሪቱ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ደረቷን በመዳፏ መታ መታ አደረገችና ድምፅዋን ለቀቀችው።

«እናቱ ወንዝ ናት፣ አባቱ ድንጋይ፣
ሰው ሳይሄድበት ሞተ፣ ወይ የኔ ድልድይ!»

ያ ድምፅ ሜዳ ላይ፣ ሺህ ለቀስተኛ መሃል የተገራ ድምፅ ነው። የአዳራሹ መስኮቶች ነዘሩ። ከዚያ ከትራሶቹ ውስጥ ትንፋሽ፣ ማቃሰትና መንፈራገጥ ተሰማ። ሙሾ ነው፤ ተቀምጦ የሰማ ወዮለት! አንዱ መደገፊያውን ጨበጠ፣ አንዱ የጎረቤቱን ኮት ያዘ፣ አንዱ በጉልበቱ ተንበርክኮ ትራሱን ወጣው።

«ሁለት ጫፍ ይዞ ነው፣ ድልድይ ሲወለድ፣
ምን ይሉት ዳኝነት፣ ከወገብ ማረድ!»

አዳራሹ እንደ ማሳ በቀለ። ትከሻ ወጣ፣ ደረት ወጣ፣ ሆድ ወጣ። ክቡር ባንትይርጉና ክቡር ሽባባው ለየብቻቸው ቢሞክሩ አልሆነላቸውም፤ በመጨረሻ ወንበሮቻቸውን እያንከባለሉ ተቀራርበው፣ እጅ ለእጅ ተያያዙና አንዱ ሌላውን ስቦ ሁለቱም ብድግ አሉ። አፈ ሸንጎውም ቆመዋል።

«እህቴ ከወዲያ፣ እኔ ከዚህ ማዶ፣
ሰባት ዓመት ቀረን፣ መሻገሩ ከብዶ!»

በዚህ ሁሉ መሃል ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። ቆጣሪው ነው። ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይበት እየተዘዋወረ ይቆጥራል፤ ጠጠሩን ይጥላል። የአሸዋው የመጨረሻ ቅንጣት ስትወርድ ተነስቶ «መቶ አርባ ከመቶ አርባ። አልፏል» አለ።

«ምን አልፏል?» ጮኹ ክቡር ባንትይርጉ። «እኛ የቆምነው ለሙሾው ነው!»

«ሕጉ የቆመ ይቆጠር ይላል» አለ ቆጣሪው። «ለምን እንደቆመ ይጠየቅ አይልም። ለትራሱ አዋጅ ስትቆሙ ጠይቄያችሁ ነበር?»

አፈ ሸንጎው ወደ ሰገነቱ አንጋጠው «የዝምታ ሹም! ተመልካች ሙሾ ማውረድ ይችላል?» አሉ። አቶ ይርዳው ደንቡን አወጣ። ሰማንያ ሁለቱን አንቀጾች አንድ በአንድ አገላበጠና መለሰ፤ የሰማው ግን የለም።

«ምን አለ?»

ደግሞ መለሰ። አልተሰማም።

«ጮክ በል እንጂ ሰውዬ!»

«አልተከለከለም!» ብሎ ጮኸ አቶ ይርዳው። ድምፁ ለራሱም አዲስ ስለሆነበት ጥቂት ቆይቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ደገመው፤ «አል-ተ-ከለ-ከለም!»

አፈ ሸንጎው «እንግዲያው አልፏል፤ ተቀመጡ» አሉ። የተቀመጠ ግን አልነበረም። ቅድም ተንጠልጥለው የሰጠሙት ሽበታም አባል መስኮቱ ጋ ደርሰው አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል። «ውይ!» አሉ። «ዛፉ! እኔ ስቀመጥ እኮ እዚህ ድረስ ነበር!» ብለው ጉልበታቸውን አሳዩ። ሁሉም ወደ መስኮቱ ጎረፈ። ውጪው ገበያ ነበር፤ ሎሚ ተከምሯል፤ ሰዎች ይሳሳቃሉ። «ይህ ሁሉ ሰው የእኛ ነው?» አለ አንዱ። ሌላው እግሩን እያነሳ እየጣለ «ጉልበቴ! ጉልበቴ አለ!» እያለ አዳራሹን ይዞር ጀመር።

ደብሪቱን የጣላት ይህ ነው። ሠላሳ ዓመት የታመቀ ሳቅ ነው፤ ሰገነቱን ይዛ፣ ወገቧን ይዛ፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ በሰው ፊት፣ በሸንጎ ፊት፣ እየጮኸች ሳቀች።

አቶ ይርዳው ክንዷን ያዘ። «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደንብ ነው» አለና አወጣት። ደረጃውን ወርደው ምድር ቤት ሲደርሱ በሩን ከኋላው ዘጋ፤ ግድግዳውን ተደገፈና እሱም በሳቅ ወደቀ። የሱፍ ጫማው ወልቆ በረረ።

«አንተም?» አለች ደብሪቱ።

«እኔ በቀን ሦስት ጊዜ እዚህ እየወረድኩ ነው የምስቀው» አለ ትንፋሹን እየሰበሰበ። «አሥራ ሁለት ዓመት! ዛሬ ብቻ ነው ሰው አብሮኝ የሳቀው።»

ተያይዘው እስኪደክማቸው ሳቁ። በኋላ ሎሚ ገዝቶ ሰጣት፤ መኪና ድረስም ሸኛት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሸንጎው፣ አንዴ ከቆምን አይቀር ብሎ፣ አሥራ አራት አዋጅ አሳለፈ። የመጀመሪያው ትራሶቹን ለሆስፒታል የሚሰጥ ነበር። ራዲዮው ማታ «ክርክሩ በጥሩ መንፈስ ተጠናቋል» ሲል አቶ ጓንጉል እስኪደገም ድረስ አላመኑም። ደብሪቱ ስትመለስ መንደሩ በሆታ ተቀበላት። ያየችውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችን፤ እየሳቀች ነው የነገረችን፣ ግን አላቋረጠችም። ሥራዋ ይቀርባታል ብለን ሰግተን ነበር። አልቀረባትም፤ ለለቅሶም ለሠርግም ትጠራ ጀመር።

ድልድዩ የተከፈተው በወሩ ቅዳሜ ቀን ነው። ክቡር ባንትይርጉ በወዲህኛው ጫፍ፣ ክቡር ሽባባው በወዲያኛው ጫፍ ቆመው፣ አንድ ጊዜ ደወል ሲደወል ሁለቱም ሪባን ቆረጡ። ዘበኛው ዱላውን ለሹሞቹ አስረከበና «እስቲ አሁን ደግሞ እንደ ሰው ልሻገርበት» ብሎ፣ ባለቤቱን ክንዱን አስይዞ፣ ቀስ እያለ ሄደ። መሃል ላይ ሲደርስ «ጠንካራ ነው!» ብሎ ጮኸልን።

ደብሪቱ ከወዲህ፣ ዘርፌ ከወዲያ ሕዝቡን እየገፉ መሃል ላይ ተገናኙ። ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ሲላቀቁ ወሬ ጀመሩ፤ ግን ሰባት ዓመት የተነጋገሩት በውሃ ማዶ ሆነው በጩኸት ስለነበር፣ አሁንም፣ አፍንጫ ለአፍንጫ ቆመው፣ አገር እስኪሰማ ይጯጯሁ ነበር።

«ከሳሽ እኮ!» ጮኸች ደብሪቱ።

«አንቺ ነሽ የከሳሽው!» ጮኸች ዘርፌ። «ጎረቤቶቹስ?»

«ደህና ናቸው! ምን ያስጮህሻል? አልደነቆርኩም!»

«እኔስ መች ደነቆርኩ!»

ድምፃቸው ልክ እስኪገባ ድረስ ቀኑ መሸ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዘርፌ እህቷን ስማ ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች። ደብሪቱ በዓይኗ ሸኘቻት። ዘርፌ ወዲያኛው ጫፍ ድረስ ሄደች፤ መሬቱን ረገጠች፤ ጥቂት ቆመች። ከዚያ ዞራ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ያን ሁሉ መንገድ ተመልሳ መጣች።

«ምነው? ምን ረሳሽ?» አለቻት ደብሪቱ ደንግጣ።

«ምንም አልረሳሁ» አለች ዘርፌ። «መመለስ እንደሚቻል ልየው ብዬ ነው።»